የሙት ዓመት ቀናችንን አትውሰዱብን

ለመሥሪያ ቤታችን የሥራ አመራር
ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል

የተከበራችሁ የሥራ አመራር አባላት፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የሠራተኞች መረዳጃ እድር ጸሐፊ ሆኜ ነው። ባለፈው መስከረም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፋችሁት ባለ አንድ ገጽ ማሳሰቢያ ዓመት ሊሞላው ነው። በታኅሣሥ አንድ ጊዜ፣ በሚያዝያ ደግሞ አንድ ጊዜ በደብዳቤ ጠየቅናችሁ። ሁለቱም ደብዳቤዎች መዝገብ ቤት ገቢ ሆነዋል፤ ቁጥራቸው እኛ ጋ አለ። መልስ ግን አልመጣም። አሁን ማሳሰቢያው ቋሚ መመሪያ ሊሆን ነው የሚባል ወሬ ሰምተናል። ከዚያ በፊት ሠራተኛው ሁሉ እንዲያነበው አድርገን በግልጽ መጻፍ መረጥን።

ማሳሰቢያው የሚለው ይህን ነው። ለአርባ፣ ለሰማንያ፣ ለሙት ዓመት "እና ለመሳሰሉት ማኅበራዊ ጉዳዮች" ከእንግዲህ ፈቃድ አይሰጥም። የፈለገ ከዓመት ፈቃዱ ላይ ይጠይቅ፤ እሱንም ከ15 ቀን በፊት። ሰርቪስ ለቀብር አይወጣም። ለቅሶ የሚደርሰው ከየክፍሉ ሁለት ተወካይ ብቻ ነው። ቀርቶ የተገኘ ደሞዙ ይቆረጣል፣ ማስጠንቀቂያም ይጻፍበታል።

"እና ለመሳሰሉት" የምትለዋ ቃል ላይ ብዙዎቻችን ቆመናል። የልጅ ሙት ዓመት ከምን ጋር እንደተመሳሰለ ማወቅ እንፈልጋለን።

ምናልባት ቀኑ ምን እንደሆነ ሳንነጋገር ቀርተን ይሆናል። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

በቀብሩ ቀን ሐዘንተኛው ራሱን አያውቅም። ሰው ነው ደግፎ የሚያውለው። ድንኳን የሚተክለው እድር፣ ውኃ የምታቀምሰው ጎረቤት፣ "ተነሽ ፊትሽን ታጠቢ" የምትለው እህት ናት። ሠልስቱም፣ ሰባቱም፣ አርባውም እንዲሁ በሰው እጅ ያልፋል። ከዚያ ድንኳኑ ይፈርሳል። ወንበሩ ይመለሳል። ሰው ወደየሥራው ይሄዳል። ሐዘንተኛው ከሐዘኑ ጋር ብቻውን የሚገናኘው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ቀን በየዓመቱ ዞሮ ሲመጣ በእግሩ ቆሞ የሚቀበለው እሱ ራሱ ነው። ሕጉ የሚሰጠን ሦስት ቀን ሌላ ሰው ተሸክሞን የምንውልበት ጊዜ ነው። ራሳችንን ለምንሸከምበት ቀን ግን ምንም የለንም። እስከ ባለፈው መስከረም ድረስ ክፍተቱን የሚሞላው የየክፍሉ ኃላፊ ደግነት ነበር። ማሳሰቢያው ያንን ደግነት ከለከለ።

የራሴን ላስቀድም። የሰው ለቅሶ እየጠቀስኩ የራሴን መደበቅ ተገቢ አይመስለኝም።

ልጄን ያጣሁት ሰኔ 27 ቀን 2012 ነው። የልብ ሕመም ነበረበት። 16 ዓመቱ ነበር። ጊዜውን ታስታውሱታላችሁ። በኮቪድ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ የተከለከለበት ወቅት ነው። በዚያ ላይ በዚያው ሳምንት ሀገሩ ታምሶ ኢንተርኔት ተቋርጧል፣ መንገድ ተዘግቷል። ድንኳን አልተከልንም። ከገጠር ዘመድ መምጣት አልቻለም። እናቴ ማስክ አድርጋ፣ ከእኔ ራቅ ብላ ቆማ ነው የቀበረችው። ያሳደጉት ጎረቤቶቻችን በር በራቸው ላይ ሆነው አለቀሱ። ማንም አላቀፈኝም። በዚያ ዓመት የቀበረ ሰው ሁሉ የምለው ይገባዋል፤ በእድራችን ውስጥ ብቻ እንዲህ ያሉ ስድስት ነን።

ስለዚህ የእኛ ለቅሶ በየዓመቱ ሰኔ 27 ነው። ቀኑ የመድኃኔ ዓለም ነው፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። ከዚያ ቤት ገብተን ቡና ይፈላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ የጾም ወጥ ይቀርባል። ያኔ ሊያቅፉኝ ያልቻሉት ጎረቤቶች ሳይጠሩ ይመጣሉ። ትልቅ ድግስ የለም። ትንሿ ልጄ ወንድሟ ሲሞት ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ፊቱን በደንብ አታስታውሰውም። ሁለተኛው ዓመት ላይ ቡናው አጠገብ ተቀምጣ "ስለ ወንድሜ የማላውቀውን ንገሩኝ" አለች። ከዚያ ወዲህ የቤታችን ሥርዓት ሆነ። የመጣ ሰው ሁሉ ከዚህ በፊት ያልተነገረ አንድ ነገር ስለ ልጁ ይናገራል። ያኔ ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን የተሸከመላት ጎረቤት፣ አብሮት የተማረ ጓደኛው፣ ሁሉም አንዳንድ ያወጣል። እኔ እናቱ ሆኜ የማላውቀውን ያኔ እሰማለሁ። ልጄ በየዓመቱ ትንሽ ይጨመርልኛል። ሌላ አባባል የለኝም።

እኔ የምሠራው ንብረት ክፍል ነው። ሰኔ መጨረሻ በጀት መዝጊያና ቆጠራ ነው፤ ይህንን ከእናንተ በላይ አውቃለሁ። ስለዚህ በፊት በፊት ቀድሜ እሠራ ነበር። ሁለት ቅዳሜ ገብቼ ካርዶቹን አስተካክዬ፣ ሰኔ 27 ግማሽ ቀን እወጣለሁ። አንድም ዓመት ቆጠራ በእኔ ምክንያት አልዘገየም። ዘንድሮ ከ15 ቀን በፊት በማሳሰቢያው መሠረት የዓመት ፈቃድ ጠየቅኩ። "በበጀት መዝጊያ ፈቃድ የለም" ተባልኩ። ግማሽ ቀን ጠየቅኩ። "ለአንቺ ከተፈቀደ ለሁሉም ይፈቀዳል" ተባልኩ። ሥራ ላይ ቀረሁ። ከመደርደሪያ መደርደሪያ እየዞርኩ የመኪና ጎማ ስቆጥር ዋልኩ። ስልኬ ሲጠራ ከቤት እንደሆነ ስለማውቅ አላነሳሁትም።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት ስደርስ ሰው ሁሉ ሄዷል። ረከቦቱ ተነስቷል። ልጄ ግን አልተኛችም። የትምህርት ቤት ደብተሯን ይዛ ጠበቀችኝ። ሰዎቹ የተናገሩትን ሁሉ በቁጥር ጽፋዋለች። አንደኛ፣ የሱቁ ጋሼ፦ "ዱቤውን ደብተሬ ላይ በግዕዝ ቁጥር ነበር የሚጽፍልኝ፤ እንዳላነበው ብሎ።" ሁለተኛ፣ የጎረቤት እማማ። ሦስተኛ፣ አያቷ። እንዲህ እያለ እስከ ዘጠኝ ይሄዳል። አሥረኛው ቁጥር ላይ "እማዬ" ብላ ጽፋ፣ አጠገቡን ባዶ ትታዋለች። በዚያ ሌሊት ምንም ልነግራት አልቻልኩም። ደክሞኝ ነበር። የመኪና ጎማ ስቆጥር ነው የዋልኩት። ቦታው እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

ይህ የእኔ ነው። የሌሎቹን እነሱ ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው። ስም አልጠራም፤ እናንተ ግን ሁሉንም ታውቋቸዋላችሁ።

ከሹፌሮቻችን አንዱ እናቱ ሰቆጣ አካባቢ አረፉ። ወንድሞቹ ወዲያው ሰሙ። እሱ ግን በዚያ ሳምንት የመስክ ሥራ ላይ ነበር፤ የእናንተን ባለሙያዎች ጭኖ ከከተማ ወጥቷል። መሪ ለጨበጠ ሰው መርዶ አይነገርም። ቤተሰቡ ዝም አለ። እኛም በእድር በኩል ሰምተን ዝም አልን። ተመልሶ ቤቱ ባደረ በማግስቱ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች በሩን አንኳኩ። እናቱ ከሞቱ ስድስተኛ ቀናቸው ነበር። ሦስቱን የሐዘን ቀን ሲጠይቅ የሰው ሀብት ክፍል ወረቀቱን አየና ከሞቱበት ቀን ጀምሮ ቆጠረ። "ፈቃድህ አልፏል" አሉት። ሳያውቀው፣ እናንተን እያገለገለ ያለፈ ፈቃድ! እሱም ሰቆጣ ሄደ። መሄድ ነበረበት። የቀረባቸው ቀናት ከደሞዙ ተቆረጡ፣ ማስጠንቀቂያም ፋይሉ ውስጥ ገባ። ከሁሉ በላይ ያስቆጣን የዚህ ሰው ጉዳይ ነው። ገንዘቡን እድራችን ተክቶለታል። ማስጠንቀቂያውን ግን መተካት አንችልም።

ሁለተኛዋ ከጽዳት ክፍል ናት። እናቷ ሕፃን ሳለች ሞታባት የእናቷ ጓደኛ ናቸው ያሳደጓት። እሳቸው ሲያርፉ "ከሟች ጋር ያለሽን ዝምድና የሚገልጽ ማስረጃ አምጪ" ተባለች። ወረዳ ሄደች። ወረዳው የሥጋ ዝምድና የለሽም አላት፤ እውነቱን ነው፣ የላትም። "አሳድጋኛለች" የሚል ማስረጃ የሚሰጥ መስኮት የለም። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ወገቧን አስራ እንግዳ ትቀበል የነበረችው እሷ ናት፤ የሄድን ሁሉ አይተናል። ምስክር ብንጠየቅ ሃምሳ ሰው እንፈርም ነበር። የጠየቀን የለም።

ሙስሊም ባልደረቦቻችን ቀን ቆጥረው ተዝካር አያወጡም። ሐዘናቸው የራሱ ሥርዓት አለው። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ትቆጥራለች፤ ሌሊቱን ቤቷ ማደር አለባት። ከስልክ ማዕከል የምትሠራው እህታችን የጠየቀችው ፈቃድ እንኳ አልነበረም። "ለዚህ ጊዜ ብቻ የሌሊት ፈረቃው ቀርቶልኝ ቀን ቀን ልሥራ" ነው ያለችው። አራት የሥራ ባልደረቦቿ ፈረቃውን ሊከፋፈሉላት ስማቸውን ጽፈው ሰጡ። ማሳሰቢያው ተጠቅሶ ተከለከለ። እሷም ያላትን የዓመት ፈቃድ ጨርሳ፣ ቀሪውን ጊዜ ያለ ደሞዝ ቤቷ ተቀመጠች። ሦስት ልጆች አሏት።

አንድ ወጣት ባልደረባችንም አለ። ልጁ ሲወለድ ሞቶ ተወለደ። ስም አልወጣለትም፣ ምስክር ወረቀትም የለውም። ስለዚህ ቅጹ ላይ የሚሞላ ነገር አጣ። በማግስቱ ሥራ ገባ። ይህንን አልዘረዝረውም፤ እሱም እንዲዘረዘር አይፈልግም።

ስለ ሰርቪሱ። በጥር የስቶር ሠራተኛችን አረፈ። 22 ዓመት ያገለገለ ሰው ነው። በቀብሩ ቀን ትልቁ ሰርቪስ ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ ሹፌሩም ውስጡ ተቀምጦ ዋለ። እኛ ከእድሩ ካዝና አውጥተን ሚኒባስ ተከራየን፤ ግማሹ ሠራተኛ ቦታ አጥቶ ቀረ። ቀብር ላይ ሰው ከሰርቪስ ሲወርድ ማየት ለቤተሰቡ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ሟቹ በየቀኑ ጠዋት የት ይሄድ እንደነበረ፣ ከማን ጋር ይውል እንደነበረ ልጆቹ በዓይናቸው የሚያዩት ያኔ ነው። ባለቤቱ "የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች የት አሉ?" ብላ ስትጠይቅ እኔ ነበርኩ አጠገቧ።

በዚሁ ሰው ላይ የሆነውን ልጨምር። ግንቦት ውስጥ የሰው ሀብት ክፍል የሚልከው የልደት መልእክት በመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ግሩፕ መጣ። የእሱ ስምና ፎቶ፣ ፊኛና ኬክ፣ "እንኳን ተወለዱ! ረጅም ዕድሜ ይስጥልን" የሚል። ከዝርዝሩ ያወጣው ሰው አልነበረም። አንዳንዶች ሳያነቡ ኬክ መላክ ጀመሩ። ስልኩ ባለቤቱ እጅ ነው ያለው። ከእሱ ስም ሥር አንድ መልስ መጣ፦ "አመሰግናለሁ። እሱ የለም። ባለቤቱ ነኝ።" መልእክቱ ተሰረዘ። ይቅርታ የጠየቃት ግን እስከ ዛሬ የለም።

እውነቱን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ማሳሰቢያው ከመሬት ተነስቶ አልወጣም። በሐዘን ስም ቀርተው ሌላ ቦታ የታዩ ሰዎች ነበሩ። እኛም እናውቃለን። አንዱን እድሩ ራሱ ጠርቶ ቀጥቶታል። ዓርብ ዓርብ የሚበዛ ለቅሶ ነበር፤ ደንበኛ መስኮት ላይ ቆሞ የሚጠብቅበት ቀን ነበር። ይህ መታረም ነበረበት። ነገር ግን ያጠፋውን ሰው ለይቶ መጠየቅ ይቻል ነበር። የተደረገው ሁሉም ሐዘንተኛ ውሸታም ሊሆን ይችላል ብሎ መነሳት ነው። ልጁን የቀበረ ሰው አጭበርባሪ አለመሆኑን በወረቀት እንዲያስረዳ ማድረግ ከባድ ነገር ነው።

ሕጉንም አይተነዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 81 የትዳር ጓደኛ፣ ተወላጅ፣ ወላጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ሲሞት ሦስት የሥራ ቀን ከደሞዝ ጋር ይሰጣል። ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም ደግሞ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ አለ፤ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ። ይህ ሁለተኛው እንዳለ ለሹፌራችንም፣ ለጽዳት ሠራተኛችንም የነገራቸው አልነበረም። የዓመት ፈቃድን በተመለከተም አዋጁ አሠሪው ፕሮግራም ሲያወጣ የሠራተኛውን ፍላጎት በተቻለ መጠን እንዲያይ ይላል። ይህ ሁሉ ደግሞ የሕጉ ዝቅተኛ መጠን ነው። አንድ ድርጅት በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንቡ ከዚህ የተሻለ ቢሰጥ ሕጉ አይከለክለውም። ስለዚህ "ሕጉ አይፈቅድም" የሚለውን መልስ አንቀበልም።

"ሥራ ለሐዘን አይቆምም" የሚልም ሰምተናል። ይቆማል እኮ። መጋቢት 1 ቀን 2011 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰው ሲያልቅ በማግስቱ ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታውጇል። ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ብሎ ሲውለበለብ እኛም በዚህ ግቢ ተሰልፈን የሕሊና ጸሎት አድርገናል፤ የጠራን አመራሩ ነው። በ1929 በፋሺስት ጣሊያን የተጨፈጨፉትን ሀገሩ እስከ ዛሬ በየዓመቱ የካቲት 12 ስድስት ኪሎ ላይ አበባ አስቀምጦ ያስባቸዋል። ያለቀሰላቸው ትውልድ ካለፈ እንኳ ቀኑ አልቀረም። እንዲህ ዓይነት ቀን ለምን እንደሚያስፈልግ ለእናንተ ማስረዳት የሚገባን አይመስለኝም። የእኛ ልዩነቱ የየቤቱ መሆኑ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት፣ ማንኛውም ሠራተኛ በዓመት አንድ ቀን የመታሰቢያ ቀን ይኑረው። ቀኑን ራሱ ይምረጥ፤ መስከረም ላይ ለሰው ሀብት ክፍል ያስመዝግብ፤ ከዚያ በበጀት መዝጊያም ሆነ በሌላ ምክንያት አይነካበት። ተዝካር የሚያወጣም፣ መቃብር ዳር ተቀምጦ የሚመለስም፣ ቤቱ በሩን ዘግቶ የሚውልም እኩል ያግኘው። ለምን እንደፈለገው አይጠየቅ። አስቀድሞ ስለሚታወቅ ሥራ አይበድልም፤ የዚያን ቀን የሚተካውን ሰው እኛ አባላቱ እንመድባለን። ሰዓቱን በቅዳሜ መልሱ ብትሉንም እንመልሳለን። ይህንን በአጠቃላይ ጉባኤ ተነጋግረን ሁሉም እጁን አውጥቷል።

ሦስቱ የሐዘን ቀን ሠራተኛው መርዶ ከሰማበት ቀን ይቆጠር። የሹፌራችን ማስጠንቀቂያ ከፋይሉ ይውጣ፣ የተቆረጠው ደሞዝም ይመለስ። ገንዘቡን ለእድሩ አንፈልገውም፤ ለእሱ በእጁ ይሰጠው።

ላሳደገ ሰው የወረዳ ወረቀት አይጠየቅ። እድሩና ሁለት የሥራ ባልደረቦች በፊርማ ቢያረጋግጡ ይበቃ። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ፈራሚዎቹም አብረው ይጠየቁ፤ ይህንን እኛው ነን ያቀረብነው። ሞቶ የተወለደ ልጅም ልጅ ተብሎ ይቆጠር፤ አባትየውም ሦስት ቀኑን ያግኝ። በዒዳ ላይ ያለች ሴት የሌሊት ፈረቃ አትመደብ።

ሰርቪሱ ቢያንስ ለሠራተኛው ራሱ፣ ለወላጁ፣ ለትዳር ጓደኛውና ለልጁ ቀብር ይውጣ። ነዳጁን እድሩ ይችላል።

የሟች ስም ከልደት መልእክቱና ከአቴንዳንስ ዝርዝሩ የሚያወጣ አንድ ሰው በስም ይመደብ። ለስቶር ሠራተኛችን ባለቤት ደግሞ ከአመራሩ አንድ ሰው ቤቷ ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃት። በስልክ ሳይሆን በአካል። አድራሻውን እኔ አሳያለሁ።

መልሱን እስከ መስከረም 15 በጽሑፍ እንጠብቃለን። ልታነጋግሩን ከፈለጋችሁ የእድሩ ኮሚቴ ሐሙስ ከሥራ ሰዓት በኋላ ካፍቴሪያው ጀርባ ይሰበሰባል። አዳራሹ ስለተዘጋብን ነው እዚያ የምንሰበሰበው። ወንበር አለ፤ መጥታችሁ ተቀመጡ።

ከአክብሮት ጋር፣

የሠራተኞች መረዳጃ እድር ጸሐፊ
በአባላቱ ሁሉ ስም

ግልባጭ፦
ለሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር
ለእድሩ ዳኛ
ለማስታወቂያ ሰሌዳ